ፕላኑ ተነሥቷል፤ ከዚያስ?

ግልጽ ደብዳቤ

ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር
ለመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት
ለኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር

ጉዳዩ፦ የሞት አደጋዎች ምርመራ ውጤት ለሕዝብ ይፋ እንዲሆን ስለመጠየቅ

ክቡራን፣ ጤና ይስጥልን።

አንድ መድን ድርጅት ውስጥ በካሳ ክፍል ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። መኪና ነድቼ አልኖርኩም፤ መንገድም አልሠራሁም። እንጀራዬ ሌላ ሰው የጻፈውን ማንበብ ነበር። ካነበብኳቸው ወረቀቶች ሁሉ አብልጬ የማውቀው ትራፊክ ፖሊስ አደጋ የደረሰበትን ቦታ ለክቶ የሚያነሣውን ፕላን ነው። የምጠይቃችሁም ነገር ከዚያው ስለሚመጣ ከፕላኑ ልጀምር።

ፕላን ሲነሣ ያላየ የከተማ ሰው ያለ አይመስለኝም። መንገዱ ተዘግቷል። ከኋላ ጡሩምባ ይጮኻል። ትራፊኩ ሜትሩን ከጎማው እስከ አስፓልቱ ጠርዝ ይዘረጋል፤ ጫፉን ብዙ ጊዜ የሚይዝለት ከታክሲ የወረደ ተሳፋሪ ወይም አካባቢው ላይ ጫማ የሚጠርግ ልጅ ነው። የጎማው ጭረት የት ጀመረ፣ የት ላይ አለቀ? መኪናው ከመብራት ምሰሶው ስንት ሜትር ይርቃል? እግረኛው የወደቀው ከዜብራው ወዲህ ነው ወዲያ? ሁሉም ይለካል። ከዚያ በእጅ ይሣላል። እኔ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ሆኖ፣ መስመሩ ደብዝዞ ነው። ቢሆንም ይነበባል። አንዳንዱ ትራፊክ እጁ የሠዓሊ ነው፤ ጥግ ላይ ያለችውን ዛፍ እንኳ አይተዋትም።

ከዚያስ? አንዱ ቅጂ ወደ ዓቃቤ ሕግና ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። አንዱ ወደ መድን ይመጣል። ፍርድ ቤቱ ማን እንደሚቀጣ ያይበታል። እኛ ማን እንደሚከፍል እናይበታለን። ሁለቱ ጥያቄዎች ሲመለሱ ፋይሉ ይዘጋል፤ ካርቶን ውስጥ ይገባል፤ ካርቶኑ ምድር ቤት ይወርዳል። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ያንን ፕላን ፈልጎ የመጣ የመንገድ መሐንዲስ አላጋጠመኝም። ጠበቃ መጥቷል፤ ደላላ ሳይቀር መጥቷል። መንገዱን ያነጠፈው አካል ግን መንገዱ ላይ ምን እንደደረሰ ሊጠይቅ አልመጣም።

ካሳ ክፍል ረጅም ጊዜ የቆየ ሠራተኛ የሾፌር ስም አይይዝም። የቦታ ስም ነው የሚይዘው። አንዲት የገበያ ከተማ አለች፤ ስሟን ብጠራ ነዋሪዎቿ ቅር ይላቸዋል። አስፓልቱ ከላይ፣ ከዳገቱ አናት፣ ቀጥ ብሎ ወደ ከተማዋ ይወርዳል። አዲስና ለስላሳ ነው። ታች ሲደርስ በአንድ በኩል ቤተ ክርስቲያኑ፣ በሌላ በኩል ገበያው አለ። የእግረኛ መንገድ የሚባል ነገር የለም፤ የአስፓልቱ ጠርዝ እንዳለቀ ቦይ ነው። በገበያ ቀን ሰውም፣ አህያውም፣ ጤፍ የተሸከመውም አስፓልቱ ላይ ነው የሚሄደው። ሌላ የት ይሂድ? ከዚያች ቦታ የሚመጡ ፋይሎች አንድ ጊዜ አይሱዙ ናቸው፣ አንድ ጊዜ ሚኒባስ፣ አንድ ጊዜ ሲኖትራክ፣ አንድ ጊዜ የቤት መኪና። ታርጋው ይለያያል። የሾፌሩ ዕድሜ፣ የመንጃ ፈቃዱ ደረጃ፣ ሰዓቱ ይለያያል። የአደጋው መንስኤ ተብሎ የሚሞላው ግን ሁልጊዜ ያው ነው፦ «ከፍጥነት በላይ በማሽከርከር» ወይም «ለእግረኛ ቅድሚያ ባለመስጠት»።

ውሸት አይደለም። እውነትም ፈጥነው ነበር፤ እውነትም ቅድሚያ አልሰጡም። ግን የማይተዋወቁ ሾፌሮች በተለያየ ዓመት እዚያችው ቦታ ላይ መጥተው ያንኑ ጥፋት ሲያጠፉ ነገሩ የሾፌር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቁልቁለቱ ላይ ቀድሞ የሚያስጠነቅቅና ፍጥነት የሚያስቀንስ ነገር ቢኖር፣ ለእግረኛው አንድ ሜትር ተኩል መሄጃ ቢተውለት፣ ከእነዚያ ፋይሎች ስንቶቹ ጭራሽ ባልተከፈቱ? ይህንን ማወቅ የሚቻለው ፋይሎቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ ያነበበ ሰው ሲኖር ነው። ጎን ለጎን የሚዘረጋቸው ግን የለም፤ እያንዳንዱ ለየብቻው ይፈረዳል፤ ለየብቻው ይዘጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህን ሥራ ሀገራችን አታውቀውም እንዳልል፣ በደንብ ታውቀዋለች። ያውም በዚሁ በሚኒስቴሩ ጥላ ሥር።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከቦሌ በተነሣ በደቂቃዎች ውስጥ ቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። የያኔዋ የትራንስፖርት ሚኒስትር ወ/ሮ ዳግማዊት ሞገስ የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርቱን ለዓለም ያቀረቡት መጋቢት 26 ነው። ወር እንኳ አልሞላም። በመካከሉ ከውጭ ብዙ ጣት ተቀስሮ ነበር። አምስት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ተመሳሳይ አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰው ሞቷል። የሁለቱንም አደጋ ጥፋት በአብራሪዎቹ ማሳበብ የፈለጉ አልጠፉም፤ «ልምድ የላቸውም፣ የድሃ ሀገር ፓይለት ነው» የሚል አንድምታ ያለው ወሬ ሲናፈስ ሁላችንም ሰምተናል። የእኛ መርማሪዎች ግን ሰውየው ላይ አልቆሙም። አውሮፕላኑን አዩ። አፍንጫውን በግድ ወደ ታች የሚደፋውን ሶፍትዌር፣ ለሶፍትዌሩ የተሳሳተ መረጃ የላከችውን መለኪያ አዩ። አብራሪዎቹ አምራቹ ያዘዘውን እንደሠሩ በሪፖርቱ ተናገሩ። የመጨረሻው ሪፖርት በታህሣሥ 2015 ዓ.ም. ወጣ። ያ ዓይነት አውሮፕላን በዓለም ዙሪያ ከሃያ ወር በላይ ቆመ፤ ተስተካክሎ ነው የተመለሰው። በጊዜው በሀገሬ ኮርቼ ነበር። አሁንም እኮራለሁ።

እንግዲህ ወደ ሌላ ቀን እንሂድ። ታህሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሲዳማ ክልል፣ ቦና ዙሪያ ወረዳ። የሠርግ ሰዎችን የጫነ አይሱዙ የጭነት መኪና ገላና ወንዝ ድልድይ ላይ ስቶ ወንዙ ውስጥ ገባ። 71 ሰው ሞተ። ከአንድ ሠርግ 71 ሰው! የቢሾፍቱው ግማሽ ሊሆን ምን ቀረው? የሐዘን መግለጫ ሰማን። መኪናው ከአቅሙ በላይ ጭኖ ነበር ተባለ፤ መንገዱ ጥምዝምዝ ነው ተባለ። ከዚያ ዜናው አለፈ። ቀደም ሲልም መጋቢት 2010 ዓ.ም. ደቡብ ወሎ ለጋምቦ ላይ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰዎች ሞተዋል፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። ያም እንዲሁ አለፈ።

የቢሾፍቱውን ሪፖርት ማንም ሰው ዛሬ አውርዶ ያነበዋል፤ በየሰከንዱ የሆነው ተጽፏል። የገላናውን የት ሄጄ ላንብብ? ድልድዩ ስፋቱ ስንት ነበር? መከለያ ነበረው? ከመታጠፊያው እስከ ድልድዩ ስንት ሜትር ነው? መኪናው መቼ ተመርምሮ ቦሎ አገኘ? ሾፌሩ ከስንት ሰዓት ጀምሮ መሪ ላይ ነበር? መንገድ ላይ ያስቆመው ሰው ነበር? የሠርግ ሰው ለምን የጭነት መኪና ላይ ወጣ? ይህን የሚመልስ ሪፖርት ታትሞ፣ ሕዝብ እጅ ገብቶ አላየንም። ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ ደግሞ ትንሽ ታስቆመኛለች።

ሰው በጭነት መኪና ላይ መጫን ክልክል ነው። ሾፌሩም ያውቃል፣ ተጫኙም ያውቃል። ግን ገጠር ላይ ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ንግሥ ሲኖር ሃምሳ ስልሳ ሰው በአንድ ጊዜ የሚወስድ ሌላ ምን አለ? ቅጥቅጥ የሚገኘው ከወረዳ ከተማ ነው፤ እሱም ጥርጊያ መንገዱን አይቶ «ሾክ አብዘርበሬን አልሰብርም» ይላል። አይሱዙው ግን እዚያው ቀበሌ አለ፤ ባለቤቱም ዘመድ ነው። ታዲያ «የግንዛቤ እጥረት» ብሎ መደምደም ቀላል ነው። መልስ ግን አይሆንም። አንድ መርማሪ ቡድን ሄዶ ይህንን ቢጽፍ ኖሮ ከሪፖርቱ የሚወጣው ምክር ምናልባት ቅጣት ማብዛት ሳይሆን፣ በሠርግና በበዓል ወራት ወረዳው ለማኅበራዊ ጉዞ አውቶቡስ የሚያቀርብበት መላ ይሆን ነበር። የሚከለክለው ሕግማ አለ።

ለሾፌር የተሟገትኩ እንዳይመስላችሁ። ካሳ ክፍል የሠራ ሰው ለሾፌር የዋህ አይሆንም። መንጃ ፈቃዱን በጓሮ በር ያወጣ አይቻለሁ። ጠጥቶ፣ ጫት ቅሞ፣ ስልክ እያወራ ሰው የገደለ አይቻለሁ። ገጭቶ ያመለጠውንማ ስንቱን። ይቀጡ። ግን አይሱዙን ሕዝቡ «አል-ቃይዳ» ያለው ሾፌሮቹ በሙሉ ክፉ ሆነው ነው? የጫት መኪናን ውሰዱ። ቅጠሉ በሰዓታት ይጠወልጋል፤ ዋጋው በሰዓታት ይወርዳል። ነጋዴው የሚከፍለው ለሰዓት ነው፤ ሾፌሩ የሚሸጠውም ሰዓት ነው። ሌላው ጫኝ በቢያጆ፣ ማለትም በየምልልሱ፣ ነው የሚከፈለው፤ አንድ ምልልስ ካተረፈ ያ የእሱ ነው። የከተማው ታክሲ ሾፌር ደግሞ ማታ ለባለቤቱ የተቆረጠች ገቢ ማስገባት አለበት፤ ከእሷ በላይ ያለው ነው የልጆቹ ምግብ። ይህን ሁሉ ለሚያውቅ ሰው «የሥነ ምግባር ጉድለት» የሚለው ሐረግ ግማሽ መልስ ነው። በአውሮፕላኑ ጊዜ አብራሪው ላይ አልቆማችሁም። ለአይሱዙውም ያው ዓይን ይኑራችሁ፤ የምለው ይኼንኑ ነው።

ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1997 ፓርላማዋ አንድ ነገር ወሰነ። ሰው መሳሳቱ አይቀርም፤ መንገዱ ግን ስህተቱን በሞት እንዳያስከፍል ሆኖ ይሠራ አለ። ከዚያ ወዲህ የመንገድ መሥሪያ ቤቱ እያንዳንዱን የሞት አደጋ ይመረምራል። ልብ በሉ፣ ፖሊሱ ሳይሆን የመንገድ መሥሪያ ቤቱ። ያኔ በዓመት ከ500 በላይ ሰው ይሞትባቸው ነበር፤ አሁን 200 አካባቢ ነው። ሀብታም ናቸው፣ እውነት ነው። ግን ያደረጉትን ሁሉ በብር አላደረጉትም፤ መጀመሪያ የጠየቁት ጥያቄ ነው የተለወጠው።

አሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በመንገድ ላይ ሰው የሞተበትን እያንዳንዱን አደጋ በአንድ መዝገብ ታስገባለች። ቦታው፣ ሰዓቱ፣ መብራቱ፣ የመኪናው ዓይነት ሁሉ አለበት። መዝገቡ ለማንም ክፍት ነው። ሜሪላንድ ያለው የእህቴ ልጅ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው መንገድ ላይ በየትኛው ዓመት ስንት ሰው እንደሞተ ቡና እየጠጣ ያያል። እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ የሰፈሬን አላውቅም።

ቁጥርን ካነሣን አንድ ነገር ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት ላይ ኢትዮጵያ ለ2016 ሪፖርት ያደረገችው የመንገድ ሟች ቁጥር 4,352 ነው። ድርጅቱ ራሱ የገመተው ደግሞ 27,326። ግምት ነው፤ ቆጠራ አይደለም። በእርግጥም ሊበዛ ይችላል። ግን ስድስት እጥፍ የሚሆን ልዩነት ሰፊ ነው። የልዩነቱን አንድ በር እኔ ከጠረጴዛዬ አየው ነበር። ፋይሉ «ከባድ የአካል ጉዳት» ተብሎ ተከፍቷል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤተሰቡ ጥቁር ለብሶ ይመጣል። ሰውየው ሆስፒታል አርፏል። እኛ ጋ ፋይሉ ይስተካከላል፤ ካሳ አለበትና። መጀመሪያ መዝገብ የያዘው ፖሊስ ጣቢያስ ማን ነግሮት ያስተካክል? ብዙዎች ደግሞ የሚሞቱት ወደ ሪፈራል ሲወሰዱ ሌላ ዞን፣ ሌላ ክልል ላይ ነው። መድን የሌለው፣ ካሳ የማይጠይቅ ቤተሰብ ያለው ሟችማ ጭራሽ ማንም ጋ አይደርስም።

ሞትን እንዴት እንደምንተምን ካየን ደግሞ፣ በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ለሞተ ሰው የካሳ ጣሪያውን 40,000 ብር አደረገ። ለንብረት ጉዳት 100,000። ለአስቸኳይ ሕክምና 2,000። ጣሪያው ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። ግን ለዓመታት ከሟች ቤተሰብ ፊት ተቀምጬ ያንን አንቀጽ ያነበብኩ ሰው ነኝ። ከአንድ ሰው ነፍስ የአንድ መኪና መከላከያና ኮፈን በለጠ ማለት ነው፤ እንዴት ብዬ ላስረዳ? ይህን ስል የአዋጁን ጥቅም አልክድም። ገጪው ሲያመልጥ ወይም መድን ሳይኖረው ሲቀር ተጎጂው ባዶ እጁን እንዳይቀር ፈንድ እንዲኖር የደነገገው፣ ሆስፒታልም «መጀመሪያ ብር አስይዝ» እንዳይል የከለከለው ይኸው ሕግ ነው።

እዚህ ላይ ለመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ለብቻው የምለው አለኝ። ስማችሁ ውስጥ ሁለቱም አሉ፦ ደህንነቱም መድኑም። ይህ ዕድል ነው። የካሳው ወረቀት በአንድ ኮሪደር፣ የመከላከሉ ሥራ በሌላ ኮሪደር ነው ያለው ማለት ነው። በሩን መክፈት ብቻ ነው የቀረው። ከመድን ድርጅቶች የሞት ፋይሎችን ፕላን ሰብስቡ። ስም አውጡለት፣ ታርጋ አውጡለት፣ ቦታውን ብቻ አስቀሩ። ሁለት ወጣት ሠራተኞችና አንድ ካርታ ይበቃል። በስድስት ወር ውስጥ በየዋናው መንገድ ላይ ሰው የሚበላው ቦታ የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ቦታን ማስተካከል ደግሞ ሁልጊዜ ቢሊዮን አይጠይቅም። ለገሃር መስቀለኛውን ያስታወሰ ያውቃል። አስፓልቱ ሜዳ ነበር፤ እግረኛው መሐል ላይ ደርሶ ወዴት እንደሚሮጥ ግራ ይገባው ነበር። ከተማው ከዓለም አቀፍ አጋሮች ጋር ሆኖ ትርፍ የነበረውን የአስፓልት ጥግ በቀለምና በቀላል መከለያ ከልሎ ለእግረኛ ሰጠው። የሚሻገረው ርቀት አጠረ። የሚታጠፈው መኪና ጥምዙ ስለጠበበበት ሳይወድ አዘገመ። ቀለም ነው እኮ! አሁን በኮሪደር ልማቱ ሰፋፊ የእግረኛ መንገድ ማየታችንም ጥሩ ነው፤ ይህን ሳላመሰግን ባልፍ ግፍ ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸውና። ቀለበት መንገዱን ግን እዩት። ሰው አሁንም አጥሩን ይዘላል። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ልጇን ቀድማ አሻግራ የምትዘል እናት አይቻለሁ። መሻገሪያ ድልድዩ ሩቅ ነው፤ ደረጃው ብዙ ነው፤ ሲመሽም ያስፈራል። እዚያ ላይ «የእግረኛ ግዴለሽነት» የሚል ፕላን ሲነሣ ማን ነው ግዴለሹ?

ፍጥነትንም እናንሣ። የ2003ቱ የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ለአነስተኛ መኪና ከተማ ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ፈቀደ። በ30 የተገጨ እግረኛ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ በ60 የተገጨ አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። ትምህርት ቤትና ገበያ ያለበትን መንገድ ወደ 30 ለማውረድ ቦታው የትኛው እንደሆነ ማወቅ ይጠይቃል። እንደገና ወደ ፕላኑ መጣን።

አንድ ነገር በመንገድ ላይ ያለ ሁሉ ይነግራችኋል፤ ትንሽ ነው፣ ግን ይገድላል። የተበላሸ የጭነት መኪና ዳገት ላይ ይቆማል። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ በድንጋይ ታኮ ያደርጋል። ሦስት ማዕዘን ምልክት የለም፤ ስለዚህ ከኋላ ቅጠልና ድንጋይ ይደረደራል። መኪናው ተሠርቶ ይሄዳል። ድንጋዩ እዚያው አስፓልቱ ላይ ይቀራል። ማታ ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ፣ ወይም አባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ፣ ያቺን ድንጋይ የሚያገኛት ሌላ ሰው ነው። ምሽቱን እየዞረ ድንጋይ የሚያነሣ የጥገና ቡድን ማቋቋም ስንት ይፈጃል? የመንገድ ፈንድ ሲቋቋም ለጥገና ብቻ ሳይሆን ለመንገድ ደህንነትም ነበር።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህ ነው። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሞተበት አደጋ ሲደርስ፣ እንበል አሥርና ከዚያ በላይ፣ ከፖሊሱ ምርመራ ውጪ የሆነ ትንሽ ቡድን ይሂድ። የመንገድ መሐንዲስ ይኑርበት፣ የተሽከርካሪ ቴክኒሻን ይኑርበት፣ ሐኪም ይኑርበት። በ30 ቀን ውስጥ የመጀመሪያ ሪፖርት ይውጣ፤ በአማርኛም፣ አደጋው በደረሰበት አካባቢ ቋንቋም። የአቪዬሽኑ ዓለም አቀፍ ደንብ የሚለውም 30 ቀን ነው። ያ ደንብ ሌላም ነገር ይላል፦ የምርመራው ዓላማ ጥፋተኛ መለየት ሳይሆን ዳግመኛ እንዳይደርስ ማድረግ ነው። «ጉዳዩ በፍርድ ቤት ስለተያዘ መናገር አንችልም» የሚለው መልስ እንዳይመጣብኝ ነው ይህን የጠቀስኩት። ፍርዱ ይቀጥል። ሪፖርቱ የሾፌሩን ስም አያስፈልገውም። የድልድዩን ስፋት ነው የሚያስፈልገው።

ለሌሎቹ፣ አንድ ሁለት ሰው ለሚሞትባቸው አደጋዎች፣ ቡድን ላኩ አልልም፤ አይቻልም። የፕላኑ ሦስተኛ ቅጂ ለመንገዱ ባለቤት ይሂድ። ከተማ ከሆነ ለከተማው፣ ሀገር አቋራጭ ከሆነ ለመንገዶች አስተዳደር። የደረሰው አካል ቦታውን አይቶ «አየሁት፣ ይህን አደርጋለሁ» ወይም «የሚደረግ ነገር የለም» ብሎ ፈርሞ ይመልስ። ያ ፊርማ ብቻውን ብዙ ነገር ይለውጣል፤ ቢሮ የሠራ ሰው ፊርማ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ሆስፒታሎችም በመኪና አደጋ ገብቶ በ30 ቀን ውስጥ የሞተባቸውን ሰው በወር አንድ ጊዜ ለአገልግሎቱ ያሳውቁ። በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ የትኞቹ ቦታዎች ብዙ ሰው እንደገደሉና ምን እንደተደረገላቸው ዝርዝሩ ይታተም። ደስ የማይል ዝርዝር እንደሚሆን አውቃለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ቁጥሩ አድጎም ሊታይ ይችላል፤ ቆጠራው ስለተሻሻለ። ያኔ እናንተን የሚወቅስ ጋዜጠኛ ቢመጣ እኔ ጠበቃችሁ እሆናለሁ።

ለጋዜጠኞችም አንድ ቃል። «የአደጋው መንስኤ እየተጣራ ነው» ብላችሁ ዜናውን ስትጨርሱ ቀኑን ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። በወሩ ደውሉ። «ተጣራ ወይ?» በሉ። አልተጣራም ካሏችሁ እሱ ራሱ ዜና ነው።

ከየት እንጀምር ካላችሁኝ ከገላና ጀምሩ። ፕላኑ ተነሥቷል፤ የተረፉት ሰዎች አሉ፤ ድልድዩም እዚያው ነው።

ከአክብሮት ጋር

ከቀድሞ የካሳ ክፍል ሠራተኛ
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለሲዳማ ክልል ትራንስፖርት ቢሮ
ለመድን ድርጅቶች የካሳ ክፍሎች በሙሉ
ፕላን ለሚያነሡ ትራፊክ ፖሊሶች፣ ከምስጋና ጋር